መጽሐፉን ለጥንቸሉ ያንብብለት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ አራት ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ገና ዘጠኝ ወሯ። ለትልቁ ልደት አክስቱ አንድ ሳጥን አመጣችለት። ውስጡ ስለ አንድ ጥንቸል የሚተርክ መጽሐፍ፣ ያው ጥንቸል ራሱ በለስላሳ ጨርቅ ተሠርቶ፣ ደግሞም ጥንቸሉ የሚዘልበትን ጌም ታብሌት ላይ የምንጭንበት ካርድ ነበረው።

ጌሙን በሁለት ቀን ተካነበት። አሁን ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ «ታብሌት» ነው። ስቀማው ቤቱን በጩኸት ይቀውጠዋል። መጽሐፉን ስከፍትለት ሥዕሉን በጣቱ ይጫነዋል፤ ጥንቸሉ አልዘል ሲለው «ተበላሽቷል» ይለኛል። ካነበብንም ያንኑ አንዱን መጽሐፍ ነው፤ ሌላ ገዝቼለት አልነካም አለ። የጨርቁ ጥንቸል ደግሞ ከእጁ አይለይም። ጆሮው ታኝኮ አልቋል፣ ይሸታል፣ ያለ እሱ አይተኛም። ባለቤቴ «የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አቅፎ ይተኛል እንዴ? አስጥይው» እያለ ነው። በዘዴ ልለውጥበት ብዬ ቁርጥ እሱን የሚመስል አዲስ ገዛሁ። ወረወረው! «የኔ አይደለም» አለኝ። አዲሱን ለትንሿ ሰጠኋት፤ አሁን እሷም አቅፋው ትተኛለች። አማቴ «ታብሌቱን አንሺው፣ ሁሉም ይስተካከላል» ይላሉ። አክስቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ልደት የሚናገር ጥንቸል ላመጣ ነው ብላለች።

ጌሙን ላጥፋው? መጽሐፍስ እንዴት ነው የሚወድልኝ? ጥንቸሉንስ ምን ላድርገው?

የጥንቸሉ እናት ነኝ፤ ስሜ ይቆየኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ካልጠየቅሽኝ ነገር ልጀምር። ይህን ስታነቢ ትንሿ ተኝታ ከሆነ ተነሺና አዲሱን ጥንቸል ከአልጋዋ አውጪው። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነቢያለሽ።

አወጣሽው? እሺ። የዘጠኝ ወር ሕፃን በምትተኛበት ቦታ ለስላሳ አሻንጉሊት፣ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መኖር የለበትም። ፊቷ ላይ ቢያርፍ ገፍታ ማንሳት ላትችል ትችላለች። ስትታፈን ደግሞ ድምፅ አታሰማም፤ ከጎኗ ተኝተሽም ላትሰሚ ትችያለሽ። የሕፃናት ሐኪሞች በዚህ አያወላውሉም፤ አንድ ዓመት እስኪሞላት አልጋዋ ባዶ ይሁን። ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ በደንብ የተወጠረ አንሶላ፣ በጀርባዋ ማስተኛት፣ በቃ። ቀን ነቅታ ሳለች፣ አንቺ እያየሽ፣ ትቀፈው፣ ታኝከው፣ ግድ የለም። ሲመሽ ጥንቸሉ ሌላ ቦታ ይደር።

እግረ መንገድሽን የሁለቱንም ጥንቸሎች ዓይን በጥፍርሽ ሳብ ሳብ አድርጊ። ዓይኑ በክር የተጠለፈ ከሆነ ጥሩ። የፕላስቲክ ዓይን ወይም አዝራር ከሆነና ትንሽ ከላላ ለትንሿ አይሰጥ። ያ የታኘከው ጆሮም ስፌቱ ተከፍቶ መሙያው ብቅ ብሎ እንደሆነ እይው። የአሜሪካ ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ የሚለካበት አንዲት ትንሽ ቱቦ አለች። ወርዷ 3.17 ሴንቲሜትር ነው። ከመጫወቻው የሚወልቅ ነገር እሷ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥም ሊቀረቀር ይችላል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ቱቦዋ የለችሽም። የሽንት ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን ካርቶን ተጠቀሚ። እሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄሽ ቢበዛ እንጂ አያንስም። የትልቁ መጫወቻ ሁሉ አንድ ቀን ትንሿ አፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የምትለኪው ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቸል እንምጣ፤ ወደሚሸተው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ የሳበኝ ያ የወረወረው ጥንቸል ነው። አንቺ ልጁ ያስቸገረሽ መስሎሻል። እኔ ግን ልጁን አድንቄዋለሁ። ብሩስ ሁድ እና ፖል ብሉም የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ለሆኑ ልጆች «ይኼ ማሽን የፈለግነውን ነገር ቁርጥ አድርጎ ይቀዳል» ብለው አንድ ሳጥን አሳዩአቸው። ማሽን አልነበረም፤ የአስማተኛ ሳጥን ዓይነት ነገር ነው። ሌላ መጫወቻቸው ሲሆን ልጆቹ ቅጂውን ለመውሰድ ደስተኞች ነበሩ። አቅፈውት የሚተኙት አሻንጉሊት ሲሆን ግን አብዛኞቹ የራሳቸውን መልሱልን አሉ። ጭራሽ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም ያሉም ነበሩ። ያንቺም ልጅ ያለው ይኼንኑ ነው። ለሱ ጥንቸሉ ጨርቅና መሙያ አይደለም። ለሱ «እሱ» ነው። አዲሱ ምንም ቢመስል እንግዳ ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ በስም የጠራው እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕፃን ከእናቱ ጋር አንድ ከሆነበት ዓለም ወደ ራሱ ዓለም ሲሻገር አንድ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል አለ። ጨርቅም ይሁን ብርድ ልብስ፣ ድብም ይሁን ጥንቸል። ልጁ ራሱ የመረጠው፣ እናት በሌለች ሰዓት የእናትን ቦታ የሚይዝለት ነገር ነው። ዊኒኮት ሽታውን ሳይቀር አንስቶታል። እናቶች ቢቆሽሽም፣ ቢሸትም ዝም የሚሉት፣ ሲታጠብ ለልጁ የሆነ ነገር እንደሚቋረጥበት ስለሚያውቁ ነው ይላል። እኔ ይህን ያነበብኩት ልጄን ካሳደግኩ በኋላ ነው፤ ቀደም ብዬ ባነበው ኖሮ አልኩ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ቤት ስንቀይር የልጄን አንድ ዓይና ድብ ጣልኩት። አርጅቷል፣ ሆዱ ተቀዷል፣ በአዲስ ቤት አዲስ ነገር ብዬ ነው። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር። አላለቀሰችም። ማልቀስ ሳይሆን መፈለግ ጀመረች። ያልተከፈተ ካርቶን ባየች ቁጥር «እዚህ ውስጥ ነው?» ትለኛለች። እኔም አፍሬ «ምናልባት» እላለሁ። ይኸው እስካሁን አልነገርኳትም፤ አሁን የራሷ ልጅ አላት።

ስለዚህ ለባለቤትሽ እንዲህ በዪልኝ። ልጁ ጥንቸሉን ስለያዘ ልፍስፍስ አይሆንም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ እናንተን ሳይጠራ ብቻውን ለመተኛት የሚያስችለውን ነገር ራሱ ፈልጎ አግኝቷል። ይህ ጥሩ ችሎታ ነው። ወንድ ሴት የሚለውም እዚህ ቦታ የለውም፤ ፍርሃት ፆታ አይመርጥም። እንዴት ያበቃል? ዊኒኮት እንዳለው እንዲህ ያለው ነገር አይረሳም፣ አይለቀስለትምም፤ ቀስ በቀስ ትርጉሙን ያጣል። አንድ ቀን ጥንቸሉን ሶፋ ሥር ታገኙታላችሁ፤ ልጁም ከሳምንት በፊት እዚያ መተዉን አያስታውስም። አስጥሉት ብላችሁ ከታገላችሁ ግን አጥብቆ ይይዘዋል። ማንም የሚቀሙትን ነገር አጥብቆ ይይዛል።

ከቤት ውጪስ? እዚያ ገደብ ማበጀት ይቻላል። ጥንቸሉ ቤት ይጠብቃል፣ መኪና ውስጥ ይጠብቃል፤ ከልጁ ጋር ተነጋግራችሁ። ቢጠፋባችሁ ግን እኔ የለሁበትም!

መታጠቡን በተመለከተ ደግሞ ዊኒኮትን አከብራለሁ፤ ግን የሚያኘከውን ነገር ሳያጥቡ መተው አልችልም። ሰርቀሽ አትጠቢው። ልጁን ጥሪውና አብራችሁ እጠቡት። «ጥንቸሉ ገላውን ሊታጠብ ነው» በዪው። ውኃው ውስጥ ራሱ ይንከረው፣ ሲደርቅም ከሩቅ ይየው። ጠዋት ካጠባችሁት እስከ ማታ ይደርሳል። ሽታ የሌለው ሳሙና ተጠቀሙ፤ አዲስ ሽታ ይበልጥ ያስከፋዋል። የአቧራ ተባይ አለርጂ ካለበት ተባዩን የሚገድለው 60 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውኃ ነው። ጨርቁ ያን ያህል ሙቀት ካልቻለ በላስቲክ አስረሽ አንድ ሙሉ ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪውና ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ይህን ግን ለልጁ እንዴት እንደምታስረጂው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጥንቸሉን በረዶ ቤት መክተት ከባድ ወሬ ነው።

ወደ መጽሐፉ ልሂድ። «ተበላሽቷል» ማለቱ እንዴት እንዳሳቀኝ! ልክ እኮ ነው። ባየው ሁሉ ሲነኩት ይዘላል፤ ይኼኛው ሲነኩት ዝም አለ። ታዲያ አልተበላሸም?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንቺ ጠግኚው። ጣቱን ሥዕሉ ላይ ሲጫን የጨርቁን ጥንቸል አንሺና «ዝልልል!» ብለሽ ጭኑ ላይ አሳርፊው። እንደገና ይጫናል፤ እንደገና አዝልይው። በአምስተኛው ላይ ጥንቸሉ ደክሞት ይውደቅ፤ «ኧረ ቆይ፣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ» ይበል። ታብሌቱ ይህን አይችልም። ታብሌቱ መቼም አይደክመውም፣ የልጅሽን ፊት አይቶም ቀልድ አይጨምርም።

ያንን አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ መፈለጉ ደግሞ አያሳስብሽ። እኛን ነው የሚሰለቸን። ጄሲካ ሆርስት የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ሰሙ፤ ግማሾቹ የተለያዩ ታሪኮችን ሰሙ። አዳዲሶቹ ቃላት ግን ለሁለቱም እኩል ጊዜ ተነገሩ። ቃላቱን ይበልጥ የያዙት አንዱን ታሪክ የደጋገሙት ናቸው። ታሪኩን ስለሚያውቁት ጭንቅላታቸው ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ አይባዝንም፤ ለቃሉ ቦታ ይተርፈዋል። እስቲ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ዝለዪና እይው። አይምርሽም።

አነባበብሽን ግን ትንሽ ቀይሪ። አብዛኞቻችን ስናነብ ልጁ ዝም ብሎ እንዲሰማ እንፈልጋለን። ግሮቨር ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ገልብጦ ሞከረው። ወላጆችን እያነበባችሁ ጠይቁ፣ ልጁ ያለውን ተቀብላችሁ ትንሽ ጨምሩበት፣ ተረኪው ቀስ በቀስ እሱ ይሁን ብሎ አሠለጠናቸው። በአንድ ወር ውስጥ የእነዚያ ልጆች ንግግር እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች ንግግር ቀድሞ ተገኘ። አንድ ወር ብቻ። ነገሩ ፈተና እንዳይሆን ግን ተጠንቀቂ። «ይኼ ምን ይባላል? ቀለሙስ? ስንት ናቸው?» እያሉ ማጣደፍ ልጁን ያስመርረዋል። «ወይኔ፣ አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ብለሽ ዝም በዪ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ያ ዝምታ ለእኛ ይረዝምብናል፤ ልጅ ግን ቃል የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነው። «ወደቀ» ካለሽ «አዎ፣ ጭቃው ውስጥ ዘጭ ብሎ ወደቀ» በዪው። ሌላ አስተማሪነት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንዳንድ ልጅ ለእናቱ መልስ መስጠት አይወድም። እናቱ መልሱን እንደምታውቅ ያውቃላ! ለዚህ ነው ጥንቸሉ የሚያስፈልገው። ጥንቸሉን ልጁ ጭን ላይ አስቀምጪው፣ ፊቱን ወደ ገጹ አድርጊ፣ ከዚያ በጥንቸሉ ድምፅ «እኔ ምንም አልገባኝም፤ ይኼ ልጅ ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» ብለሽ ጠይቂው። የአራት ዓመት ልጅ ከሱ የሚያንስ፣ የማያውቅ ፍጡር ሲያገኝ እንዴት እንደሚያስረዳ ታያለሽ። እጁን እያወናጨፈ ያስተምረዋል።

አዲሱን መጽሐፍ አልነካም ስላለውም አንድ ዘዴ አለኝ፤ የኔ ፈጠራ ግን አይደለም። በአንዳንድ አገሮች ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልጆች አሻንጉሊታቸውን አምጥተው እዚያ እንዲያሳድሩ ይጋብዛሉ። ሌሊቱን ሠራተኞቹ አሻንጉሊቶቹን መደርደሪያ ላይ ሲወጡ፣ ክብ ሠርተው ሲያነቡ አስመስለው ፎቶ ያነሷቸዋል። በማግስቱ ልጁ ፎቶውንና አሻንጉሊቱ «የመረጠለትን» መጽሐፍ ይረከባል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ለውጥ ያመጣል ወይ ብለው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አጠኑት። ልጆቹ መጽሐፍ ማየት ብቻ ሳይሆን ለአሻንጉሊቶቻቸው ማንበብ ጀመሩ። ፊደል ሳያውቁ፣ ከሥዕሉ እየፈጠሩ። ስሜቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢቀዘቅዝም ፎቶዎቹን መልሰው ሲያሳዩአቸው እንደገና ነቃ።

አንቺም ቤትሽ ውስጥ አድርጊው። ልጁ ጥንቸሉን ትቶ በሄደበት ሰዓት ያንን የተጠላ መጽሐፍ ጥንቸሉ ፊት ክፈቺና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አንዱን ፎቶ ገጹን በእጁ እንደያዘ፣ ሌላውን ፎቶ መጽሐፉ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው። ሲመጣ «ዛሬ ጥንቸሉ ምን ሲሠራ እንዳገኘሁት ታውቃለህ?» በዪው። እኔ እንደምገምተው ያን ማታ መጽሐፉን ራሱ ያመጣዋል። ካላመጣውም ከሳምንት በኋላ ሌላ ፎቶ ሞክሪ። ስሙ ማታለል ከሆነ ይሁን፤ ከዚህ የባሰ ብዙ እናታልላቸዋለን።

ጌሙስ? አማትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ታብሌቱ መጉደል አለበት፤ መጥፋት ግን ያለበት አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነች እንደ ትንሿ ላለች ጭራሽ አይመከርም። እሷ አጠገብ ሲጫወት ዓይኗ እዚያው ተተክሎ እንደሚቀር አስተውለሻል መቼም።

ሰዓቱ ብቻ ግን አይደለም። ጌሙን አንድ ቀን ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ተጫወቺው። እውነቴን ነው፣ እስከ መጨረሻው ተጫወቺው። ሁለት ነገር ታያለሽ። አንደኛ፣ መጨረሻ የለውም። አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል። አዋቂው እንኳን ማቆም ያቅተዋል፤ የአራት ዓመት ልጅ ራሱን የሚገታበት አቅም ገና አልበሰለም። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያውን ታያለሽ። በአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተሠሩ ወይም እነሱ የሚጫወቱባቸውን 135 አፖች ፈትሾ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እንዳላቸው አግኝቷል። አንዳንዱ ውስጥ የተቆለፈውን ነገር ካልገዛህልኝ ብሎ ገጸ ባሕርዩ እንባውን ያፈሳል። አስቢው እስቲ፤ ልጁ የሚወደው ፍጡር ፊቱ ላይ ሲያለቅስ! ይኼ እኔን ያናድደኛል። ለአዋቂ ቢሆን እሺ።

ያንቺ ጌም እንዲህ ዓይነቱን ካደረገ ሰርዢው፤ ይቅርታም አትጠይቂ። ካላደረገ ታብሌቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊና ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆን ሞክሪ። ጥሩ የሕፃን ጌም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ግዢ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይፈጸም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ዝጊው። አይፓድ ከሆነ «ጋይድድ አክሰስ» የሚል አለ፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ አንዱን አፕ ስክሪኑ ላይ መቸንከሪያ አለ። ያኔ ከጌሙ ወጥቶ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም።

የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ጌሙ ሲዘጋ ልጁ ስለ እሱ የሚያወራው ነገር አለው? «ለጥንቸሉ ቤት ሠራሁለት፣ መስኮቱን ሰማያዊ አደረግኩት» ካለ ጌሙ ደህና ነው። ሲዘጋ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ከሆነ አይደለም። በነካ ቁጥር ፊኛ የሚፈነዳበት፣ ኮከብ የሚዘንብበት፣ ደወል የሚደወልበት ጌም ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ነው።

ስለ ጩኸቱ። መቀማቱን ተዪው። ልጁ «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ሲባል ምኑም አይገባውም፤ ደቂቃ ምን እንደሆነ መች አወቀና። «ሁለት ዙር ቀረህ» በዪው። ሲጨርስ ማጥፊያውን ራሱ ይጫን። ጥንቸሉንም «ና፣ አልቋል» ብለሽ ላኪበት። ቀጥሎ ምን እንዳለ ቀድመሽ ንገሪው፤ ከአንድ ነገር ወደ ባዶ መሄድ ነው የሚያስጮኸው። ጠዋት ሲነሳና ከመተኛቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ታብሌት አይኑር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጩኸቱ ይብሳል። ይብሳል ስልሽ በደንብ ይብሳል፤ አንድ ቀን አዝነሽ ከሰጠሽው ደግሞ ምን ያህል መጮህ እንዳለበት አስተማርሽው ማለት ነው። ባለቤትሽም አማትሽም በዚህ ላይ አንድ ቃል ይሁኑ። ጥንቸሉን ለማስጣል ያሰበውን ጉልበት እዚህ ላይ ያውለው።

አንዳንድ ሰው «ታብሌቱ ላይ መጽሐፍ ጫኚለት፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ይልሻል። በችኮላ አትቀበዪ። እዚያው ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 37 ወላጆች ከሕፃናቶቻቸው ጋር በወረቀትም በታብሌትም ሲያነቡ ተመልክቷል። ታብሌቱ ላይ ስለ ታሪኩ የሚወራው ቀንሶ ስለ ዕቃው የሚወራው በዛ፤ «ቆይ አትንካ፣ አትጫን፣ እኔ ልያዘው።» እኔም ቤት ያየሁት ይኼንኑ ነው።

ጥንቸሉ በመጽሐፍም በአሻንጉሊትም በጌምም መምጣቱ የነጋዴ ብልሃት ነው ብለሽ ከተናደድሽ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ ቢያትሪክስ ፖተር የመጽሐፏን ጥንቸል በአሻንጉሊት መልክ ሠርታ መብቱን ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ዋናው ከሦስቱ የትኛው ይመራል የሚለው ነው። እስካሁን ታብሌቱ መርቷችኋል። ለሁለት ሳምንት ጥንቸሉ ይምራ።

የቀረችው አክስቱ ናት። ስጦታዋን አታሳፍሪባት፤ ግን ቀድመሽ ደውዪላት። የሚናገር አሻንጉሊት ባትሪ አለው፤ አንዳንዱ ጠፍጣፋዋን፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ባትሪ ነው የሚጠቀመው። ያቺን ባትሪ ሕፃን ከዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለሽ እስኪያስል አትጠብቂ፣ አስመልሰዋለሁም አትበዪ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይዘጋ ከሆነ ቤትሽ አይግባ፤ ትንሿ አሁን መዳህ ጀምራለች። በዚያ ላይ የሚናገር ጥንቸል ሦስት አራት ቃል ነው የሚያውቀው። ያንቺው፣ የታኘከው፣ ልጅሽ ያለውን ሁሉ ይናገራል። ምን ላምጣ ካለችሽ መጽሐፍ ታምጣ በያት፤ ጥንቸል ባይኖርበትም ግድ የለም፣ ጥንቸሉ አዳማጭ ሆኖ ይቀመጣል።